የቨርጂኒያ ላይሰንስ ቴክሳስ ላይ ይሠራል? መምህራን እርዱኝ

የሒሳቧ (አሌክሳንድሪያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ዳላስ አካባቢ ሥራ አግኝቷል፣ መሄዱ ቁርጥ ሆኗል። እኔና ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ልንከተለው ነው። እዚህ ሚድል ስኩል ሒሳብ አስተምራለሁ። ላይሰንሴ የ10 ዓመት ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል። መንጃ ፈቃድ ቢሆን አንድ ቀን ተሰልፌ እቀይረው ነበር። ይሄ ግን መላ ቅጡ ጠፍቶብኛል።

አንድ ዲስትሪክት (ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው አካል) ደውዬ ስጠይቅ «መጀመሪያ የቴክሳስ ሰርተፊኬት ይኑርሽ» አሉኝ። ሌላው «አመልክቺ፣ ፕሪንሲፓል ከፈለገሽ ወረቀቱ ይደርሳል» አለኝ። የቱን ልስማ? ፕራክሲስ የሚባለውን የመምህራን ፈተና አልፌያለሁ፣ እንደገና ፈተና እቀመጣለሁ ወይ? ያስተማርኩበት ዓመትስ ለደመወዝ ይቆጠርልኛል? ደግሞ ለአሁኑ ትምህርት ቤቴ መቼ ልንገራቸው? ቶሎ ነግሬ እዚያ ካልተሳካ ከሁለት ያጣሁ መሆኔ ነው።

የጋርላንዱ፦
እህቴ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው የነገሩሽ። እኔም ከሌላ ስቴት መጥቼ ነው እዚህ ሃይስኩል የማስተምረው።

ቴክሳስ የሌላ ስቴት ላይሰንስ እንዳለ አይቀበልም። ከዜሮም አያስጀምርሽም። የስቴቱ ትምህርት ኤጀንሲ፣ ቲኢኤ የሚሉት፣ ድረ ገጹ ላይ አካውንት ትከፍቺና ወረቀቶችሽ እንዲገመገሙ ታመለክቻለሽ። ትራንስክሪፕትና የቨርጂኒያ ላይሰንስሽን ታስገቢያለሽ። የጣት አሻራም አለ። ፋይልሽን አይተው ለየትኛው የቴክሳስ ሰርተፊኬት እንደምትበቂ ይነግሩሻል። ከዚያ የአንድ ዓመት ሰርተፊኬት ታወጫለሽ። በዚያ ዓመት ውስጥ እያስተማርሽ ቴክሰስ የሚባለውን ፈተና ትጨርሻለሽ (ስሙ ከስቴቱ ጋር ይምታታል፣ አትደናገሪ)። ላንቺ የሒሳብ ከ4–8 ወይም ከ7–12፣ ከሱ ሌላ ፒፒአር የሚሉት የማስተማር ዘዴ ፈተና ነው። ማለፊያው 240 ነው። ፕራክሲስን በቀጥታ አይቆጥሩልሽም። ያለፍሽው ከነሱ ጋር ይመጣጠናል ካሉ ግን ሊያስቀሩልሽ ይችላሉ። ይሄ እንደየሰዉ ፋይል ነው፣ የኔን አይተሽ አትወስኚ።

አሁን ዋናው ነገር። ግምገማውን ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ሥራ እስክታገኚ አትጠብቂ። የዲስትሪክቱ ማመልከቻ ላይ «የቴክሳስ ሰርተፊኬት የለኝም» ብለሽ ከሞላሽ ብዙ ጊዜ ፕሪንሲፓሉ ዓይን ሥር ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። የግምገማው መልስ በእጅሽ ካለ ለፕሪንሲፓሎቹ በቀጥታ ኢሜይል ጻፊላቸው። ቅጥሩ ከማርች ጀምሮ ይጧጧፋል፣ ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። ሒሳብ መሆንሽ ጠቀመሽ። ሶሻል ስተዲስ ብትሆኚ ኖሮ፣ ቦታውን ብዙ ጊዜ የፉትቦል አሠልጣኞች ስለሚይዙት፣ እግዜር ይርዳሽ ነበር የምልሽ።

ዓመትሽ ይቆጠራል፣ ግን በወረቀት ነው። ሰርቪስ ሬከርድ ይባላል። ከመልቀቅሽ በፊት ቨርጂኒያ ያለው ቢሮ ሞልቶ ፈርሞ ይስጥሽ። ከሄድሽ በኋላ በስልክ ማሳደድ ፍዳ ነው። በ2025 በወጣው ሕግ ደግሞ ትልልቅ ዲስትሪክቶች 3 ዓመት ላስተማረ 2,500፣ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ላለው 5,000 ዶላር በዓመት ይጨምራሉ። አንድ ዓመት ከጠፋብሽ ገንዘብ ነው የጠፋው።

ኮተቤ 76 (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ልጄ፣ ፈተናውን ታልፊዋለሽ። ማንም ያላነሳልሽን ነገር ልንገርሽ፣ ጡረታውን።

ቨርጂኒያ ውስጥ ዋናው ጡረታ የሚጸናልሽ፣ ማለት ብትለቂም የማይጠፋብሽ፣ 5 ዓመት ሲሞላሽ ነው። እኛ ሜሪላንድ ከ2011 አጋማሽ ወዲህ የተቀጠረ 10 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ለ5 ዓመት ጥቂት የቀረሽ ከሆነ ቀኑን ቁጠሪ። ሁለተኛ፣ ቴክሳስ አብዛኛው ዲስትሪክት ለመምህር ሶሻል ሴኩሪቲ (የፌዴራል መንግሥቱን ጡረታ) አይቆርጥም። በሱ ፈንታ 8.25 በመቶ ለመምህራን ጡረታ ይሄዳል። ሶሻል ሴኩሪቲ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ሠርተሽ የምታጠራቅሚው ነጥብ፣ ያስፈልጋል። በዓመት ከ4 በላይ አይሰጥም፣ ስለዚህ 10 ዓመት ነው። እዚህ ተወልዶ በ16 ዓመቱ ሃምበርገር መሸጥ ለጀመረ ልጅ ምንም አይደለም። እኛ ጎልማሳ ሆነን ለመጣነው ግን ትልቅ ነገር ነው። እዚያም ሳይሞላ እዚህም ሳይሞላ እንዳይቀርብሽ። ደግሞ የመምህራን ጡረታ የሚያገኝ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ይቀነስበታል።

የኦሮራዋ፦
ጋሼ፣ የመጨረሻው እንኳ ተሽሯል። ባይደን ጃንዋሪ 2025 ላይ ፈርመውበት ቅነሳው ቀርቷል። የ40 ክሬዲቱ ግን ልክ ነዎት፣ እሱን ማንም አያነሳውም።

የሒሳቧ፣ ወደኛ ወደ ኮሎራዶ ብትመጪ ይሻልሽ ነበር። በ2023 አንዳንድ ስቴቶች የመምህራንን ላይሰንስ እርስ በርስ ሊቀበሉ ተስማምተዋል፣ መጀመሪያ ሕጉን ያጸደቀችው ኮሎራዶ ናት። አባል ከሆነ ስቴት ሙሉ ላይሰንስ ይዘሽ ከመጣሽ ተመጣጣኙን ይሰጡሻል፣ ሌላ ፈተና የለም። ቴክሳስ የለችበትም። ካሊፎርኒያም እንደዚያው።

መቼ ልንገራቸው ላልሽው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ጁን 15 ቀነ ገደብ ነው። ከዚያ በኋላ ለመልቀቅ የትምህርት ቦርዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዝም ብለሽ ጥለሽ ከሄድሽ ላይሰንስሽን እስከማሳጣት ይደርሳል። ያ ደግሞ ቴክሳስ ድረስ ይከተልሻል።

የሒሳቧ (አሌክሳንድሪያ)፦
ጁን 15! ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ስለ ጡረታው አስቤውም አላውቅ ነበር። 5 ዓመቱ የሚሞላኝ በሚቀጥለው ዓመት ነው። አሁን ደግሞ ባልየውን ምን ልበለው?

ባለ 18 ጎማ፦
ይሄን ሁሉ አንብቤ ደከመኝ። ወረቀት፣ ፈተና፣ ኮንትራት፣ ቀነ ገደብ... ለመምህር ደመወዝ? እህቴ አትቀየሚኝ። እኔ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) በጥቂት ሳምንት ጨርሼ ከማንም ፕሪንሲፓል ፈቃድ ሳልለምን አርባ ስምንቱንም ስቴት እነዳለሁ። ስቴት በተቀያየረ ቁጥር ማነህ የሚለኝ የለም። ቴክሳስ የስቴት ኢንካም ታክስ የለም፣ ቤት ርካሽ ነው፣ ባልሽ ከሠራ አንቺ ቤት ሆነሽ ኦንላይን አስጠኚ።

የጋርላንዱ፦
ኢንካም ታክስ የለም፣ እውነት ነው። የቤት ታክሱ ሲመጣ ደግሞ ደውልልኝ። ቤት ርካሽ የምትለውም የዛሬ ስንት ዓመት ነው።

እማ ዮዲት (ሴንት ፖል)፦
እኔ እዚህ ፓራ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ ስፔሻል ኤዱኬሽን ልጆችን ነው የማግዘው። አገር ቤት የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ላይሰንስ አውጪ ይሉኛል፣ ሰዓቱ የታለ? ስለ ላይሰንስ ልመክርሽ አልችልም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ከዲሲ አካባቢ መልቀቁን አትናቂው። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደዚህ ስመጣ ሥራ ነበረኝ፣ ሰው ግን አልነበረኝም። እዚያ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ በየቤቱ ቡና አለ። የመጀመሪያውን ፋሲካ እዚህ ያሳለፍኩት በረዶ እያየሁ ነው። ድፎ ጋግሬ የምሰጠው ጎረቤት አጣሁ።

የጋርላንዱ፦
እማ ዮዲት፣ ዳላስ ለሱ አትስጉ። ጋርላንድና ሪቻርድሰን ሐበሻ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እንጀራም ትኩስ ነው። ሙቀቱን ግን አልዋሽም፣ ኦገስት ላይ ከክፍል እስከ መኪና መድረስ ፈተና ነው።

ኮተቤ 76 (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ባለ 18 ጎማ፣ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ከኮተቤ ወጥቼ ወሎ ውስጥ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ጠመኔ ሲጠፋ በከሰል ጽፌያለሁ። እዚህ መጥቼ ፓርኪንግ ሠራሁ። ሥራ ነው፣ አላፍርበትም። ግን ዛሬም ስልኬ ሲደወል «ቲቸር» የሚለኝ ሰው አለ፣ የሕክምና ዶክተር ሆኖ። ይቺ ልጅ እኛ ያጣነውን አግኝታ ክፍል ውስጥ ቆማለች። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ያልገባሁበት በር ነው። ቤት ተቀመጪ አትበላት።

ባለ 18 ጎማ፦
ጋሼ፣ ማንንም አልናቅኩም። ግን መከበር ኪራይ አይከፍልም። ከሐምሌ 2024 ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሲሄድ ሁሉም ሰው ዶላራችሁ ከበደ ይለናል። እቤት የሚደወለው ግን «ጤፍ ተወደደ» ተብሎ ነው። የምልከው አልቀነሰም፣ ጨመረ። ይሄን በመምህር ደመወዝ የሚችል ካለ ይንገረኝ።

የኦሮራዋ፦
እኔ እችላለሁ። ሁለት ደመወዝ ነው፣ ሳመር ስኩልም አስተምራለሁ። ኢንሹራንሱን ደግሞ ቁጠረው። አንተ ጭነት በሌለ ሳምንት ማን ይከፍልሃል? ጀርባህ ሲያምህስ?

ባለ 18 ጎማ፦
ጀርባዬን ለኔ ተዪው።

የሒሳቧ (አሌክሳንድሪያ)፦
እባካችሁ አትጣሉብኝ። አካውንቱን ትናንት ማታ ከፍቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ከባሕር ዳር ነው፣ ማስተርሴ ነው የዚህ። ለቨርጂኒያ ያስገመገምኩት የዲግሪ ወረቀት አለኝ። ቴክሳስ ያንኑ ይቀበላል ወይስ ሌላ ድርጅት ጋ እንደ አዲስ ነው? ከዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕት እንደገና ማስላክ ካለብኝ አገር ቤት የሚሯሯጥልኝ ሰው መፈለግ አለብኝ።

ኮተቤ 76 (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
የአገር ቤቱን ተዪው፣ ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ለዚህ ልጅ አንድ ጥያቄ አለኝ። ልጆችህን ማን እንዲያስተምርልህ ነው የምትፈልገው? አንተ ሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ስትሆን?

ባለ 18 ጎማ፦
ጋሼ፣ አባቴ 34 ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የማያውቀው የለም። እርስዎም ምናልባት ያውቁት ይሆናል። የጡረታው ገንዘብ የወሩን መድኃኒት አይገዛም። የሚገዛው ይሄ የናቁት መኪና ነው።

ኮተቤ 76 (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
መኪናውን ማን ናቀ? የደብረ ማርቆስ ከሆነ ስሙን በውስጥ መስመር ላክልኝ።