ናስተርሺየሜ ቅጠል ብቻ ሆነ አበባ የለውም፣ እርዱኝ

ጥያቄ (ጅማ፣ ጂረን)
ሰላም እንዴት ናችሁ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን የናስተርሺየም ፍሬ አጥር ስር ዘርቼ ነበር፣ ያ ቅጠሉ ክብ ሆኖ ዘንጉ መሀሉ ላይ የተሰካው፣ ጃንጥላ የሚመስለው፣ ብርቱካንማና ቢጫ የሚያብበው። ይኸው ጥቅምት ገባ፣ ቅጠሉ የሲኒ ማስቀመጫ አክሎ አጥሩን ሸፍኖታል አበባው ግን ሁለት ብቻ፣ እሱም ቅጠል ስር ተደብቆ። ስዘራ ሁለት ጆንያ ፍግ ደባልቄያለሁ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ዩሪያ ጨመርኩበት። አሁን ቅጠሉ ስር ጥቁር ጥቃቅን ነገር ተለጥፎበታል። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣች የምታየው እሱን ነው፣ እንዲደርቅብኝ አልፈልግም።

መልስ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)
እህቴ መልሱ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ፣ ፍጉና ዩሪያው ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያፋፋል። ይሄ አበባ አገሩ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች አካባቢ ነው፣ ሳሳ ያለ አፈር ላይ ነው ደህና የሚያብበው። የኔም በር ላይ ያለው ምንም ያልተደረገለት ቀይ አፈር ላይ ነው ያለው ግን አበባው አያልቅም። ከዛሬ ጀምሮ ማዳበሪያ የሚባል እንዳታስጠጊው። ፀሐይስ ያገኛል? በቀን 6 ሰዓት ያህል ካላገኘ እሱም አበባ ያስቀራል።

ጠያቂዋ
ከሰዓት በኋላ የጎረቤት አቮካዶ ይጋርደዋል፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር።

መልስ (አጋሮ)
ጥቁሩ ነገር ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ነው፣ ባቄላ ላይ የሚወጣው ዓይነት፣ ማዳበሪያ የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ደግሞ ይወዳል። በጣም የተለጠፈበትን ቅጠል ቁረጪና ጣዪ፣ የቀረውን 1 ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ፀሐይ ስትበርድ ከቅጠሉ ስር ስር ርጪው፣ ከ3 ወይ ከ4 ቀን በኋላ ድገሚው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይሁን ቅጠል ያቃጥላል። ፀረ ተባይ ኬሚካልም እባክሽ ተዪው፣ ንብ ይመጣበታል ደሞም ይበላል እኮ!

ጠያቂዋ
እንዴ ይበላል???

መልስ (አጋሮ)
አዎ፣ ቅጠሉም አበባውም። አንዷን ቅጠል አጥበሽ ቅመሺያት ልክ እንደ ፌጦ ምላስ ታቃጥላለች፣ ሰላጣ ላይ ትሆናለች። አበባው ከኋላው እንደ ጅራት ያለች ቀጭን ነገር አለችው አይደል፣ ልጆቼ እሷን ቆርጠው ጣፋጩን ይመጥጣሉ፣ እኔም አብሬያቸው። ሳሙና የረጨሽበትን ግን በደንብ ሳታጥቢ እንዳትቀምሺ።

መልስ (ጅማ፣ ቆጪ)
እኔ ብሆን ያንን ባለበት ትቼ ሌላ ቦታ አዲስ እዘራ ነበር። ፍሬ ተርፎሽ ከሆነ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ማታ ውኃ ውስጥ ነክረሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ፍግ ያልነካው ቦታ ላይ የጣት አንጓ ያህል አስገብተሽ ቅበሪው፣ በሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይበቅላል፣ በሁለት ወር ገደማ ያብባል። እዚያው የሚያድግበት ቦታ ላይ ዝሪ፣ ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ሥሩ ሲነካ አይወድም። ዝናቡ እየቀነሰ ስለሆነ አሁን ጥሩ ጊዜ ነው፣ ክረምት ላይ ውኃ ሲተኛበት ፍሬው ይበሰብሳል። አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ብቻ አጠጪ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። 8 ፍሬ ቀርቶኛል አሁን ነከርኩት፣ ነገ ጠዋት በሩ ጋ ፀሐይ የሚውልበት ቦታ ላይ እዘራዋለሁ፣ እናቴ ከበረንዳው ቁጭ ብላ ታየዋለች። ቅጠሉንም ቀመስነው፣ እውነትም ፌጦ ነው!