ከቦሌ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ለምን ከመመለሻው ይረዝማል?

የጉለሌ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። እህቴ ልትወልድ ስለተቃረበች እማዬ በጥር ልታርሳት ለብቻዋ ወደ ዋሽንግተን ዳለስ ትሄዳለች። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ትኬቷ ላይ መነሻ 22:45፣ መድረሻ በማግስቱ 08:10 ይላል። መመለሻው ደግሞ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:50 ይገባል። የመጀመሪያው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም፣ ሁለተኛው ወደ 21 ሰዓት ነው። መንገዱ ያው አንድ አይደል? እማዬ ስኳር አለባት፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ነው የምትወስደው። እውነተኛውን ሰዓት ማወቅ አለብኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህትህን በሽልም ያውጣልን። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በጥር ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚህ ጠዋት 2:10 ሲሆን እናንተ ጋ ከቀኑ 10:10 ነው። ከምሽቱ 4:45 ከተነሱ 17 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። መመለሻው 12 ሰዓት ከ50 ነው።

የጉለሌ ልጅ፦
ተባረክ። ግን አራት ሰዓት ተኩል ልዩነት ከየት መጣ?

ቦሌ ራምፕ፦
ወንድሜ፣ ሥራዬ አውሮፕላን መጫን ስለሆነ ይሄን እኔ ልመልስ። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዳለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ጋ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሙሉ መንገደኛ ይዞ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ቢጭን ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ሮምም ደብሊንም ሲያርፍ ቆይቷል። ከዳለስ ሲነሳ ግን ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ይመጣል። በዚያ ላይ ከላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ሲሄድ ይገታዋል፣ ሲመለስ ይገፋዋል። ጥር ላይ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ስለ እናትህ። ነዳጅ ሲሞላ መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም። ቀበቶ ፍቱ ይባላል እንጂ አልደረሱም። ይሄን ደጋግመህ ንገራቸው፤ ደረስን ብለው ሻንጣ የሚያወርዱ እናቶች ብዙ ናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔም ልጨምር። መድኃኒታቸው ከነሐኪም ማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን። ኢንሱሊን ከሆነ በፍጹም ከሻንጣ ጋር እንዳይገባ፣ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ሰዓታቸውን እስኪደርሱ የአዲስ አበባ ላይ ይተዉት። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ሐኪማቸው በ17 ሰዓቱ ልክ ይጻፍላቸው። ዊልቼርና የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ዛሬውኑ እዘዝ። የእህትህን አድራሻና ስልክም በወረቀት ጽፈህ ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርግላቸው፤ ኢሚግሬሽን ላይ ይጠየቃሉ።