ጥያቄ፦ የሊንከንን የልጅነት ታሪክ በአማርኛ ለልጆች እንዴት ልጻፈው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለሚማሩ፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች ባለ 32 ገጽ የአብርሃም ሊንከን ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። ረቂቁ 4,000 ቃል ደርሷል። የተወለደበትን ቤት ምን ልበለው? «እሱ» ብዬ ጀምሬ «እሳቸው» ማለት ያለብኝ ከየት ነው? ከሚነገርለት ውስጥ የሚታመነው የቱ ነው? መገደሉንስ ልተወው?

አርታኢ፦ መጀመሪያ ይቁረጡት። ከ32ቱ ገጽ 4ቱ ለርዕስና ለኅትመት መረጃ ይሄዳል። 28 ይቀራል፣ ማለትም 14 ጊዜ ሲገለጥ ጎን ለጎን የሚታይ ጥንድ ገጽ ነው። ለአንዱ ጥንድ እስከ 100 ቃል ቢመድቡ ጠቅላላው 1,400 ነው። ከ14ቱ 8ቱን ለልጅነቱ ይስጡ፤ ብዙዎች ፖለቲካው ላይ ሲደርሱ ገጹ ያልቅባቸዋል።

«እሱ»ን በአንድ ገጽ መሀል ወደ «እሳቸው» አይቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ1834 ለኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጥ አዲስ ምዕራፍ ይክፈቱና «ሊንከን ተመረጡ» ብለው ይቀጥሉ።

መምህርት፦ እዚህ ላይ አልስማማም። «እሳቸው» ሲመጣ ልጁ የለመደው ጓደኛ ይርቀዋል። ተራኪው እስከ መጨረሻው «እሱ» ይበል፤ በንግግሩ ውስጥ ግን ሰዎቹ «ክቡር ፕሬዚዳንት» ይበሉት። አክብሮቱን ልጁ ከነሱ አፍ ይሰማዋል።

ስለ እውነቱ፦ ሊንከን በ1860 ስለ ራሱ ከጻፈው አጭር ማስታወሻ ይነሡ። ቤተሰቡ ከኬንታኪ ወጥቶ ኢንዲያና ግዛት እንደገባ ገና በልጅነቱ መጥረቢያ እንደተሰጠው፣ 8 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው በግንድ ቤታቸው ግድግዳ ክፍተት ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ተኩሶ እንደገደለ፣ ከዚያ ወዲህም ከተርኪ በሚበልጥ አውሬ ላይ ቃታ ስቦ እንደማያውቅ፣ የተማረበት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት እንደማይሞላ እዚያው አለ። ወረቀት ሲያጣ ሳንቃ ላይ እየጻፈ፣ ሳንቃው ሲጠቁር በስለት ፍቆ እንደገና ይጽፍ እንደነበር የተናገረችው እንጀራ እናቱ ሣራ ናት፤ ይህ ብቻውን አንድ ጥንድ ገጽ ይገባዋል።

ከኬንታኪ የወጡበትን ምክንያት ደግሞ አይገልብጡት። ብዙ ጊዜ «አባቱ ባርነትን ጠልቶ ተሰደደ» ተብሎ ይጻፋል። ማስታወሻው የሚለው በከፊል በባርነት ምክንያት፣ በዋናነት ግን በመሬት ይዞታ ችግር ነው።

እናቱ ናንሲ የሞተችው በ1818፣ እሱ 9 ዓመት ሳለ ነው። «ታማ ሞተች» ብለው አይለፉት፤ ላሞች ነጭ አበባ ያለው መርዛም ተክል ይግጣሉ፣ መርዙ በወተቱ ወደ ሰው ይተላለፋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ የጠረፍ ኑሮ ምን እንደነበረ ይገባቸዋል።

ሠዓሊ፦ ቤቱን «ጎጆ» ካሉት ልጁ ክብ የሣር ቤት ይሥላል። «የግንድ ቤት» ይበሉትና አንዴ ያስረዱ፦ ግንዶቹ ይጋደማሉ፣ ጫፋቸው ተቦርቡሮ ማዕዘኑ ላይ ይነካከሳሉ፣ ክፍተቱ በጭቃ ይመረጋል። አንድ ክፍል ብቻ፣ ወለሉ አፈር፣ ስፋቱ 5 በ5.5 ሜትር ገደማ። ልክ የዚያን ያህል በመማሪያ ክፍሉ ወለል ላይ በፕላስተር ይከልሉና ልጆቹን ውስጡ ያስቀምጧቸው።

ኬንታኪ በሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ ውስጥ ያለውን ቤት ፎቶ ካስገቡ «የተወለደበት ቤት» ብለው አይጻፉበት። የግንዶቹ የዕድሜ ቀለበት ሲመረመር ከ1840ዎቹ ወዲህ የተቆረጡ ሆነው ተገኝተዋል፤ እሱ የተወለደው በ1809 ነው።

ለአጥር የሚሆን እንጨት ሲሰነጥቅ ሲሥሉትም ግንዱ መሬት ላይ ይጋደም። ሽብልቅ ይሰካበትና በከባድ የእንጨት መዶሻ ይመታል፤ ስንጥቁ እየተከተለ እስከ ጫፍ ይሄዳል። የቆመ ጉማጅ ላይ መጥረቢያ ያነሣ ልጅ ማገዶ ፈላጭ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልደት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ብዬዋለሁ፤ ልክ ነው?

መምህርት፦ አይደለም፣ የካቲት 6 ቀን 1801 ነው። ፌብሩዋሪ 12 በአብዛኛው የካቲት 5 ላይ የሚውለው በዘመናችን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት በአንድ ቀን ይለያል። በሌላው ቦታ ሁሉ «እ.ኤ.አ.» ብቻ ይጠቀሙ፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ልጆቹ ይጠፋባቸዋል።

አርታኢ፦ መገደሉን አይተዉት፤ በሌላ ቦታ ይሰሙታል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ምሽት ዋሽንግተን፣ ቴአትር ቤት ውስጥ ተተኮሰበት፣ በማግስቱ ጠዋት ሞተ። ሽጉጥ አይሣል፤ ባዶ ወንበሩ ይበቃል። ከዚያ በፊት ባለው ገጽ ላይ «በ1863 ባሮችን ሁሉ ነፃ አወጣ» ካሉ ያርሙት። የ1863ቱ የነፃነት አዋጅ የሚመለከተው በእርስ በርስ ጦርነቱ በመንግሥት ላይ ያመፁትን ግዛቶች ነበር። በመላ አገሪቱ ባርነት የተከለከለው በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ዲሴምበር 1865፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ የማሻሻያው ገጽ ከባዶው ወንበር ቀጥሎ ይምጣ።