ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ እናቴን ቤት ውስጥ ምን ምን ላሠራት?

የጎፋዋ (ጠያቂ)፦

እናቴ 76 ዓመቷ ነው። የጭን አጥንቷ አናት ተሰብሮ የዳሌዋ ግማሽ ተቀይሯል፤ ዛሬ 3 ሳምንት ሆናት። ክሩ ወጥቷል፣ ቁስሉም ደርቋል። ወረቀቷ «በተቻላት መጠን እግሯ ላይ ክብደት ትጣል፤ ዳሌዋ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍ» ይላል። በዎከር ከመኝታ ቤት ሳሎን ትደርሳለች፤ የቀረውን ቀን አልጋ ላይ ናት። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ከአንድ ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ምን እናሠራት? በቀንስ ስንት ጊዜ? ወለላችን ሴራሚክ ነው፤ ያለን ሶፋና የፕላስቲክ ወንበር ነው። ቡና ሲፈላ ደግሞ ዱካዬን ካልሰጣችሁኝ ትላለች።

ፊዚዮ ቤት ለቤት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የወንበሩን ነገር እንጨርስ። ዱካ ላይ ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ይላል። ወረቀቱ የከለከለው ይህንኑ ነው፤ የተቀየረ ዳሌ ብዙ ጊዜ የሚወልቀው እንዲህ በጣም ታጥፎ ወደ ውስጥ ሲዞር ነው። የሚያሰምጥ ሶፋም ከዱካ አይሻልም። ክንድ ያለው የእንጨት ወንበር ፈልጉ፤ መቀመጫው ከወለል ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የፕላስቲኩ ሴራሚክ ላይ ሲነሱበት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሌላ ከሌለ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፉት።

ዋናው ሥራ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠጋ ይበሉ፣ የታከመው እግር ትንሽ ወደ ፊት ይውጣ፣ በሁለት እጅ የወንበሩን ክንድ ወደ ታች እየገፉ ይነሱ። ዎከሩን ስበው እንዳይነሱ፤ ይገለበጣል። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፣ እስከ 3 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። 5 ጊዜ፣ አረፍ ብለው ሌላ 5፣ ይህ በቀን 3 ዙር። 10 ሲቀላቸው ቁጥሩን ከማብዛት በአንድ እጅ ብቻ እንዲገፉ አድርጉ።

ቀጥሎ ቆሞ የሚሠራው ነው። የሚይዙት ነገር የማይነቃነቅ ይሁን፦ ግድግዳ ላይ የተሠራ የወጥ ቤት ሲንክ ወይም ከባድ የምግብ ጠረጴዛ። ተረከዝ ማንሳት 10፣ የእግር ጣት ማንሳት 10፣ የታከመውን እግር ቀጥ አድርጎ ወደ ጎን 10፣ ወደ ኋላ 10። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ወደ ጎኑን ነው፤ እግሩን ከፍ ለማድረግ ሲሉ ወገባቸውን ወደ ሌላው ጎን ያዘማሉ፣ ያን ጊዜ የዳሌው ጡንቻ ሥራ ይፈታል። አንድ ስንዝር እንኳ ባይሞላ ይበቃል። ሲራመዱ ወደ ጎን የሚያስነክሰው የዚህ ጡንቻ መድከም ስለሆነ አትዝለሉት።

ለሚዛን ደግሞ ሁለቱን እግር ገጥሞ 10 ሰከንድ መቆም፣ 5 ጊዜ። መጀመሪያ በሁለት እጅ ይዘው፣ ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በሁለት ጣት፣ መጨረሻ ሳይዙ። አንዱን እግር ከሌላው ፊት በአንድ መስመር ማቆሙ ግን ሐኪሙ ክልከላውን እስኪያነሳ ይቆይ።

ሕመሙ በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀ ልክ ነው። ካልለቀቀ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ፤ ጨርሶ ማቆም ግን አያስፈልግም።

የሰፈር ሰው፦

ይህ ሁሉ ከሚሆን በዎከር በደንብ ቢመላለሱ፣ ሲደክማቸው አልጋ ላይ እግራቸውን ቢያንቀሳቅሱ አይበቃም?

ፊዚዮ ቤት ለቤት፦

አይበቃም። ዎከር ብዙውን ስለሚደግፍ ሰውነት ብዙም አይንገዳገድም፤ ካልተንገዳገደ ደግሞ ራሱን ማስተካከል አይለማመድም። የአልጋው ለደም ዝውውር ይጠቅማል፣ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ኒውዚላንድ ውስጥ ኦታጎ ዩኒቨርሲቲ አረጋውያን እንዳይወድቁ ያወጣው የታወቀ ፕሮግራምም የእግር ጥንካሬና ሚዛንን በሳምንት 3 ጊዜ ያሠራል፣ የእግር መንገዱን ለብቻው ይቆጥረዋል። እዚያ ቁርጭምጭሚት ላይ ክብደት ይታሰራል። እኛ ቤት ግማሽ ኪሎ ሩዝ የተሞላ ካልሲ ያንን ይተካል፤ ለእሳቸው ግን ገና ነው።

ነርስ ከሐዋሳ፦

ከስፖርቱ በፊት ግፊታቸውን ተኝተው ለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1 እና በ3 ደቂቃ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪማቸው የግፊት መድኃኒቱን ይይላቸው። ማዞር ላለበት ሰው የሚዛን ልምምድ ብቻውን አይረዳም። ከአልጋ ሲነሱ ጫፉ ላይ ተቀምጠው የእግራቸውን መዳፍ 20 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያድርጉ፣ ቆመው እስከ 20 ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይራመዱ።

ደጋፊው በታከመው ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይቁም። ብብት ወይም ክንድ ይዞ መጎተት ትከሻቸውን ይጎዳል። መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ ሁለት ዙር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ከኋላ እሱን ያዙ፤ በገንዘብ ከሚገዛው ቀበቶ አያንስም።

ሸበጥ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። ለበዓልም ቢሆን ቄጠማ አይጎዝጎዝ፣ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ወጌሻ እንዳይነካቸው። እግሩ ድንገት አጥሮ ወይም ዞሮ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

የጎፋዋ፦

እግዜር ይስጥልን። ከዘራ መቼ ትጀምር? የአባቴ ከዘራ እና መቋሚያው አሉ። ሽንት ቤታችን ደግሞ የቁጢጥ ነው።

ፊዚዮ ቤት ለቤት፦

በዎከር ሳያነክሱ ቤቱን ከዞሩና ሳይዙ 10 ሰከንድ ከቆሙ በኋላ ከዘራ ይሞከራል። የሚይዙት ከታከመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው በታመመው ጎን ይይዘዋል፣ ያ ሰውነቱን ያንኑ እግር ላይ ይጥለዋል። ጫማ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ የከዘራው እጀታ የእጅ አንጓቸው ላይ ይድረስ። የአባትሽ ከረዘመ ከታች ይቆረጥና ጎማ ይግባለት። መቋሚያው ቆሞ ለመደገፍ እንጂ ለመራመድ አይሆንም፤ ክንዳቸውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ከዘራውና የታከመው ይቀድማሉ።

ቁጢጡም እንደ ዱካው ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አናጢ የመደበኛ ወንበር ከፍታ ያለው፣ ክንድ ያለውና መሐሉ ተቀድዶ ባልዲ የሚገባበት ወንበር ይሠራላችኋል፤ እግሮቹ ላይ ጎማ ይኑረው። ማታ መኝታቸው አጠገብ አድርጉት፤ መብራት ሲሄድ የሚደርሱበት የእጅ ባትሪም ትራሳቸው ሥር ይሁን።