ሄልቬሊን ለ11 ሰው፦ ቡድኑን እንክፈለው ወይስ ሁላችንም በአንድ መንገድ?

ሰላም ለሁላችሁ። በእንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት የተጓዛችሁ፣ እባካችሁ እርዱን። በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ከግሌንሪዲንግ ተነስተን ሄልቬሊን (950 ሜትር) ልንወጣ ነው። ካርታና ኮምፓስ በደንብ የሚያነቡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አራቱ ተራራ ወጥተው አያውቁም።

ለአራቱ ያሰብነው በግሪንሳይድና በኬፕል ኮቭ በኩል ያለውን ሰፊ መንገድ ነው፦ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዳገቱ 800 ሜትር። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት አንድ ሰዓት ሲጨመር ከ4 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ይህ ስሌት ግን እረፍትንም የቡድንን ዝግታም አይቆጥርም፤ ስለዚህ 6 ሰዓት ተኩል ይዘናል። ፀሐይ 16:30 አካባቢ ትጠልቃለች።

ግራ ያጋባን ስትራይዲንግ ኤጅ ነው። ሰባቱ በዚያ ስል ሸንተረር መሄድ ይፈልጋሉ። ድንጋዩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ መጨረሻው ላይ በእጅ ጭምር የሚወረድ ቋጥኝ አለ፤ እዚያ ወረፋ ሲያዝ ቆሞ የሚጠብቀውን ነፋሱ ቶሎ ያበርደዋል። ጫፉን ጭጋግ ከሸፈነው ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች ሳይገናኙ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ካርታ አንባቢዎቹን ለሁለት መክፈሉ ደህና ነው? ሰባት ሰው ያንን ቋጥኝ ለመውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከሸንተረሩ በፊት ያለው ሆል ኢን ዘ ዎል የተባለው ቦታ ስትደርሱ ነፋሱ በሰዓት ስንት ማይል ከሆነ ነው ሸንተረሩን የምትተዉት?