«ማስተስሪያ» ዕቃ ነው ወይስ መሥዋዕት?

ወለተ ሰንበት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሮሜ 3፥25 ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔር ክርስቶስን በደሙ የሆነ «ማስተስሪያ» አድርጎ አቆመው ይላል። 1ኛ ዮሐንስ 2፥2ም «የኃጢአታችን ማስተስሪያ» ይለዋል። መሥዋዕት ማለት ይመስለኝ ነበር። ትናንት ዕብራውያን 9፥5 ስደርስ ግን ኪሩቤል «ማስተስሪያውን» ይጋርዳሉ። መሥዋዕት እንዴት በክንፍ ይጋረዳል? በሮሜውስ የትኛው ነው?

ዘአንኮበር፦
ይሄማ ግልጽ ነው፣ እህቴ። ከ«ማሰሪያ» የመጣ ነው። ቃል ኪዳን የሚታሰርበት ማለት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ አይሆንም። ግሱ ሰረየ ነው፣ ይቅር አለ። «አስተ» ሲገባበት አስተስረየ ይሆናል፣ ልክ እንደ አስተብቍዐ፣ ለመነ። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት» የምንለው ከዚሁ ነው። ማሰር ሳይሆን መፍታት ነው። በተቃራኒው ሄድክ።

እሳቱ ሰ፦
ግሱን በእሳቱ ሰ፣ ሥርየትን በንጉሡ ሠ ጻፍከው። አንዱን ምረጥ እንጂ! በንጉሡ ከሆነ ከ«ሥራይ» ጋር ይዛመዳል። ሥራይ መድኃኒትም መተትም ነው። እኔ ስርየትን ሁሌም የምሰማው እንደ ሕክምና ነው። ኃጢአት በሽታው፣ ስርየት ፈውሱ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በሁለቱም ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፣ በድምፅ መመሳሰል ብቻ ዝምድና አይቆጠርም።

ከነታንያ፦
ይቅርታ፣ ልግባ። ዮም ኪፑርን፣ የአይሁድን የስርየት ቀን፣ የቤተ እስራኤል አባቶቻችን «አስተስርዮ» ነው የሚሉት። እናቴ ያን ቀን ነጭ ለብሳ ጠብታ ውኃ ሳትቀምስ ትውላለች። «ኪፑር» የሚለውን ቃል የሰማችው እዚህ እስራኤል ከመጣች በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ግን «አስተርእዮ» ይሉታል።

ዘአንኮበር፦
አስተርእዮማ የኛ ነው! የጥምቀት ወቅት። አባታችን ተምታቶባቸው ይሆናል።

እሳቱ ሰ፦
ቆይ፣ አትቸኩል። አስተርእዮ ከርእየ ነው፣ መታየት። ዘሌዋውያን 16፥2ን አንብበው። እግዚአብሔር በታቦቱ የስርየት መክደኛ ላይ በደመና እንደሚታይ የሚናገረው ስለዚያው ቀን ሥርዓት ሲያዝ ነው። እኔ ሽማግሌውን ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም።

ወለተ ሰንበት፦
በጣም ደስ ይላል። የኔ ጥያቄስ?

መዝገብ፦
እስቲ ልሞክር። በዕብራይስጥ የታቦቱ መክደኛ «ካፖሬት» ይባላል። ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ገብቶ ደሙን በጣቱ ይረጭበታል። የግሪኩ ኦሪት ይህን መክደኛ «ሂላስቴሪዮን» አለው። ጳውሎስ በሮሜ የጻፈው ይህንኑ ቃል ነው፣ ዕብራውያን 9፥5ም ላይ ያለው እሱው ነው። የዮሐንስ ግን «ሂላስሞስ» ነው። ሌላ ቃል። አማርኛው ሁለቱንም «ማስተስሪያ» ብሎ ስለተረጎማቸው ልዩነቱ ጠፋ። ግዕዙ ለመክደኛው «ምሥሃል» የሚል ስም አለው፣ ከሣህል። የምሕረት ቦታ ማለት ነው። እንዴት ያለ ቃል ነው! ለኔ ሮሜ ላይ ክርስቶስ ራሱ ምሥሃል ነው። በጳውሎስ ዘመን እኮ ቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ታቦትም መክደኛም አልነበረም። የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ሚሽና እንደሚለው የነበረው ከመሬት ሦስት ጣት ከፍ ያለ ድንጋይ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ምሥሃልን ማንሳትህ መልካም። ነገር ግን ደሙ የመጣው ከታረደው ነው። መክደኛው ብቻውን ምን ያስተሰርያል? መሥዋዕቱን ከቃሉ ልታወጣው አትችልም።

መዝገብ፦
አላወጣሁትም። «በደሙ» የሚለው እኮ አብሮት አለ።

እሳቱ ሰ፦
«ኪፑር» ራሱ መሸፈን ነው ወይስ መጥረግ? ዐረብኛው ወደ መሸፈን ይወስዳል፣ አካድኛው ወደ መጥረግ። መዝሙሩም «ኃጢአቱም የተከደነችለት» ይላል። ስለዚህ መሸፈን ነው።

መዝገብ፦
እዚያ ያለው ዕብራይስጥ ኪፑር አይደለም። «ካሳ» ነው፣ ሸፈነ።

ዘአንኮበር፦
ካሳ! አላልኳችሁም? የደም ካሳ! አገራችን ደም የሚደርቀው በምን ሆነና?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
የኛ ካሳ ከግዕዙ ካሕሣ ነው፣ መሐሉ ላይ ሐመሩ ሐ አለበት። የዕብራይስጡ የለውም።

ዘአንኮበር፦
ሐ ስንት ቦታ ተውጦ ቀርቷል! ማታ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ወለተ ሰንበት፦
እኔ ሮሜው ላይ በእርሳስ «ምሥሃል» ብዬ ጽፌአለሁ። የዮሐንሱን ገና ባዶ ትቼዋለሁ።