በትሬይለር ለምትጎተት ጀልባ ከሥሯ ምን ቀለም?

የፖቶማክ ልጅ፦ ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ያገለገለች 18 ጫማ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቼሳፒክ ቤይ የሚሉት የባሕር ወሽመጥ ላይ ዓሣ አጠምድባታለሁ፣ ማታ ወደ ቤት እጎትታታለሁ። ጁላይ ላይ ግን ሁለት ሳምንት ውሃ ላይ ልተዋት ነው። ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ነገር እንዳይጣበቅባት ከሥሯ ምን ልቀባት?

ጨው ውሃ፦ እኔ ብሆን ምንም አልቀባም። ገብታ በዚያው ቀን ለምትወጣ ጀልባ አልጌውም ባርናክሉም (ጀልባ ሥር የሚጣበቀው ባለ ቅርፊት ትንሽ የባሕር እንስሳ) የሚይዝበት ጊዜ የለውም። በንጹህ ውሃ እጠባት፣ ሰም ቀባት፣ በቃ። አንዴ ከቀባህ ማስለቀቁ አበሳ ነው፤ እኔ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ወገቤ ተቆርጧል።

መልህቅ፦ ሁለት ሳምንቱን ግን አትናቀው፣ በበጋ ውሃው ሞቃት ነው፣ ቶሎ ይይዛታል። ከቀባህ ተራውን ጠንካራ ቀለም እንዳትገዛ፤ አብዛኛው ከውሃ ወጥቶ ሲደርቅ ኃይሉን ያጣል። አንተ የምትፈልገው ቀስ እያለ እየተፋቀ የሚሄደውን፣ አብሌቲቭ የሚሉትን ነው። ከዚያም ውስጥ ኮፖሊመር የሚባለውን ዓይነት ግዛ፣ ጀልባዋ ከውሃ ወጣ ገባ ብትል ችግር የለበትም። ብቻ ለስላሳ ስለሆነ ትሬይለሩ ላይ የምታርፍበት ቦታ ይላጣል፣ እዚያ አንድ እጅ ጨምርበት።

አዲስ ገቢ፦ የኔ አሉሚኒየም ናት፣ ያንኑ ልቀባ?

መልህቅ፦ ኧረ በፍጹም! መዳብ ያለበት ቀለም አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ቆርቆሮው ላይ «ለአሉሚኒየም» የሚል ፈልግ። ስትፈገፍግም ማስክ አድርግ፣ አቧራው መርዝ ነው።

የፖቶማክ ልጅ፦ ተባረኩ። በቃ ሁለት ሳምንቷን ወደ ሦስት ቀን አሳጥሬ ሰም ልቀባት።